መስታወቱ ጉም ሲይዝና ኤሲው ሲደክም፦ ጋዝ ከመሙላታችሁ በፊት የምታዩት

ዝናብ ሲይዝ፣ በተለይ ሦስት አራት ሰው አሳፍሬ ስነዳ፣ የመኪናዬ የፊት መስታወት ጉም ይይዝ ነበር። ማራገቢያውን ወደ መስታወቱ አዙሬ እስከ መጨረሻው ብከፍተውም ቶሎ አይለቅም። ከታች በኩል ጥቂት ይጠራና እዚያው ይቆማል። ፀሐይ ሲሆን ደግሞ ኤሲው ይደክማል። ነፋሱ ይመጣል፤ ቅዝቃዜው ግን አያረካም። አንዱ የዝናብ፣ ሌላው የሙቀት ችግር ይመስላል። ጉሙን ማስለቀቁም ማቀዝቀዙም የሚሠሩት ግን በአንድ ዕቃ ነው። በእኔ መኪና ላይም ሁለቱም የመጡት ከአንድ ቦታ ነበር።

ይህን የምጽፈው ብዙ ሰው በዚህ ነገር ያለአግባብ ገንዘብ ስለሚያወጣ ነው። «ኤሲዬ ደከመ» ስትሉ የምትሰሙት የመጀመሪያ መልስ «ጋዝ አልቋል» ነው። ጋዝ የሚሉት በኤሲው መስመር ውስጥ እየዞረ የሚያቀዘቅዘውን ነው። ጋዙ ይሞላል፣ ትከፍላላችሁ፣ ዝናብ ሲመጣ ግን መስታወቱ ያው ነው። ከገንዘቡ በላይ የሚያሳስበኝ ደግሞ የዕይታው ጉዳይ ነው። ማታ ላይ ከፊት የሚመጣ መኪና መብራቱን ሲያበራ፣ ጉም የያዘ መስታወት በሙሉ ነጭ ይሆናል። መንገድ የሚያቋርጥ ሰው አይታይም። ስለዚህ እባካችሁ «ቆይ ኋላ አሳየዋለሁ» ብላችሁ አትተዉት።

መጀመሪያ ጉሙ በየትኛው በኩል እንዳለ እወቁ። ጣታችሁን ከውስጥ በኩል መስታወቱ ላይ አስኪዱት። መስመር ካወጣ ጉሙ ከውስጥ ነው። ካላወጣ ከውጭ ነው። የዝናብ መጥረጊያው አንዴ ሲሄድበት የሚጠራ ከሆነም ከውጭ ነው ማለት ነው። ይቺ ትንሽ ነገር ናት፤ ግን መፍትሔያቸው ተቃራኒ ስለሆነ ሳትለዩ ምንም አትነካኩ። የውጭው ጉም የሚመጣው ደጁ ሞቃትና እርጥብ ሆኖ ሳለ ኤሲው መስታወቱን ከውስጥ ሲያቀዘቅዘው ነው። ቀዝቃዛ ውሃ የተቀዳበት ብርጭቆ ከውጭ እንደሚያልበው መሆኑ ነው። ቀዝቃዛውን ነፋስ ከመስታወቱ ላይ አንሱት፣ ሙቀቱን ትንሽ ከፍ አድርጉት፣ መጥረጊያውን አስኪዱት። የተበላሸ ነገር የለም። ጋራዥ መሄድም አያስፈልግም።

የውስጡ ግን ሌላ ነው። መኪና ውስጥ ያለው አየር የማይታይ እንፋሎት ይዟል። ሞቃት አየር ብዙ እንፋሎት ይሸከማል፤ ቀዝቃዛው ጥቂት ነው የሚችለው። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አንድ ሜትር ኩብ አየር እስከ 17 ግራም ገደማ እንፋሎት ይይዛል። በ5 ዲግሪ ግን 7 ግራም እንኳ አይሞላም። እንግዲህ የጋቢናው ሞቃት አየር ዝናብ ያቀዘቀዘውን መስታወት ሲነካ፣ መሸከም ያቃተውን ውሃ እዚያው ያራግፈዋል። ጉም የምንለው እሱን ነው። እንፋሎቱ የሚመጣው ደግሞ ከእኛው ነው። ከትንፋሻችን፣ ከረጠበ ልብስ፣ ከጫማ፣ ከጃንጥላ፣ ከምንጣፍ። ምንጣፉን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ኤሲ ለብዙ ሰው ማቀዝቀዣ ብቻ ነው። ማድረቂያም መሆኑን የሚያውቀው ጥቂት ነው። ከዳሽቦርዱ ኋላ ኢቫፖሬተር የሚባል፣ ስስ ቆርቆሮዎች የተደረደሩበት ዕቃ አለ። ጋዙ በውስጡ ሲያልፍ ከ0 ዲግሪ ጥቂት ከፍ ብሎ እስኪገኝ ድረስ ይቀዘቅዛል። ማራገቢያው የሚገፋው አየር በቆርቆሮዎቹ መካከል ሲያልፍ እንፋሎቱ ውሃ ይሆንና ወደ ታች ይንጠባጠባል። ውሃው በአንድ ትንሽ ቱቦ አድርጎ ከመኪናው ሥር መሬት ላይ ይፈሳል። የደረቀው አየር ቀጥሎ በማሞቂያው በኩል ያልፋል። ማሞቂያው ውስጥ የሚዞረው የሞተሩ ሙቅ ውሃ ነው። እንዲህ ደርቆ የሞቀ አየር መስታወቱ ላይ ሲነፋ ጉሙን ይጠጣዋል። ስለዚህ ብርድ ቢሆንም ኤሲውንና ማሞቂያውን አንድ ላይ መክፈት ትክክል ነው። ብዙ መኪኖች ነፋሱን ወደ ፊት መስታወቱ የሚልከውን ቁልፍ (የመስታወቱን ቁልፍ) ስትጫኑ ኤሲውን በራሳቸው የሚያስነሱትም ለዚህ ነው።

እንግዲህ ጉሙ እንዲለቅ ሦስት ነገር መሟላት አለበት። ውሃው ከአየሩ መለየት አለበት። የተለየው ውሃ ከመኪናው መውጣት አለበት። አየሩ ራሱ ከደጅ ገብቶ ተመልሶ መውጣት አለበት። ጋዝ የሚያገባው የመጀመሪያው ላይ ብቻ ነው። የእኔ መኪና የታመመችው ሁለተኛውና ሦስተኛው ላይ ነበር።

ወደ ጋራዥ ስወስዳት መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ የኤሲውን ቱቦዎች በእጁ ነካ ነካ አደረገና «ጋዝ ጎድሏል፣ እንሙላው» አለኝ።

«ወንድሜ፣ ከመሙላታችን በፊት ያለውን አውጥተን ብንመዝነውስ?» አልኩት።

ትንሽ አሰብ አደረገና «ይቻላል፣ ጊዜ ይወስዳል እንጂ» አለ። ጋዙን መጥጦ የሚያወጣና የሚመዝን ማሽን ነበራቸው። ኮፈኑ ሥር የተለጠፈችው ወረቀት የጋዙን ዓይነትና መጠን በግራም ትናገራለች። ሁሉም መኪና ላይ ማለት ይቻላል አለች፤ የእናንተንም ፈልጓት። ከእኔ መኪና የወጣው ጋዝ ወረቀቷ ላይ ከተጻፈው ብዙም የራቀ አልነበረም። መካኒኩ ራሱ ቁጥሩን አሳየኝና «ጋዙ አይደለም» አለ። ደስ ያለኝ እዚህ ጋ ነው፤ የተሳሳተውን መንገድ ገና ሳንገባበት ዘጋነው።

ስለ ጋዙ ማወቅ ያለባችሁን አንድ ሁለት ነገር ልበል። የኤሲ ጋዝ እየተቃጠለ አያልቅም። በተዘጋ መስመር ውስጥ ይዞራል፤ መልሶ እሱው ይዞራል። ከዓመታት በኋላ በጎማ ቱቦዎቹና በማያያዣዎቹ በኩል ጥቂት ጥቂት ሊያመልጥ ይችላል። በተሞላ በጥቂት ወር ውስጥ ከጠፋ ግን ቀዳዳ አለ። ቀዳዳው ሳይገኝ መሙላት ገንዘብ አየር ላይ መበተን ነው። ከጋዙ ጋር ዘይትም ስለሚዞር፣ የሚያፈስ ማያያዣ ላይ ብዙ ጊዜ አቧራ የያዘ የቅባት እድፍ ታያላችሁ። ባለሙያ ደግሞ በልዩ መብራት የሚያበራ ቀለም ጨምሮ፣ ወይም መስመሩን በናይትሮጅን ሞልቶ ይፈልገዋል። መስመሩ ከተከፈተ በኋላ አየርና እርጥበት በፓምፕ ተመጦ መውጣት አለበት፤ ከዚያ ነው በሚዛን የሚሞላው። «በእጄ ልለካው» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ። ከልኩ ካለፈም ግፊቱ ይጨምራል፣ ቅዝቃዜው ይቀንሳል፣ ጋዙን የሚጨምቀው ኮምፕረሰርም ይጎዳል።

ዓይነቱም ይለያያል። የኦዞንን ሽፋን የሚጎዳው አር 12 እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በአር 134ኤ ተተካ። በቅርብ የተሠሩት መኪኖች ደግሞ በአብዛኛው አር 1234ዋይኤፍ የሚባለውን ነው የሚይዙት፤ በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ አዲስ የመንገደኛ መኪና በአር 134ኤ አይሸጥም። አይቀላቀሉም። አዲሱ ጋዝ ትንሽ የመቀጣጠል ጠባይ ስላለው መሣሪያውም የራሱ ነው። በቤት ውስጥ አትሞክሩት። ፈሳሹ ጋዝ ዓይንና ቆዳ ላይ ሲያርፍ በቅጽበት ያቀዘቅዛል፤ ውርጭ እንደመታው ያቆስላል። አየር ላይ መልቀቅም ጥፋት ነው፤ አንድ ኪሎ አር 134ኤ በ100 ዓመት ስሌት ከአንድ ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአንድ ሺህ እጥፍ በላይ ምድርን ያሞቃል።

ጋዙ ደህና መሆኑ ሲታወቅ ወደ ውሃው ዞርኩ።

ይህን ፈተና ማንም ሰው ያለ አንዳች መሣሪያ ሊያደርገው ይችላል። አየሩ እርጥብ በሆነ ቀን መኪናዋን ደረቅ መሬት ላይ አቁሙ። ሞተሩን አስነሡ፣ ኤሲውን እስከ መጨረሻው ክፈቱ፣ ሩብ ሰዓት ያህል ጠብቁ። ከዚያ ጎንበስ ብላችሁ ከሹፌሩ ጎን ባለው ተሳፋሪ በኩል፣ ከሞተሩ ጀርባ አካባቢ መሬቱን እዩ። የጠራ ውሃ መንጠባጠብ አለበት። ብዙ ሰው ይህን ውሃ ሲያይ «መኪናዬ አፈሰሰ» ብሎ ይደነግጣል። መደንገጥ ያለብን ሳይንጠባጠብ ሲቀር ነው። አየሩ እርጥብ ሆኖ፣ ኤሲው እየሠራ፣ መሬቱ ደረቅ ከሆነ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ኢቫፖሬተሩ አልቀዘቀዘም፣ ወይ ውሃው ውስጥ ቀርቷል።

የእኔ መሬት ደረቅ ነበር። ነፋሱ ግን ቀዝቀዝ ያለ ነው። ስለዚህ ውሃው የት ሄደ? ትንሽ ነድቼ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ስታጠፍ ሬዲዮኑን ዘግቼ አዳመጥኩ። ከዳሽቦርዱ ውስጥ የሚንቦጫቦጭ የውሃ ድምፅ ይሰማል። ካቆምኩ በኋላ የተሳፋሪውን ምንጣፍ በመዳፌ ጫን አደረግኩት። ከላይ ደረቅ ነው። ጥግ ላይ ገለጥ አድርጌ ከሥሩ ያለውን ስፖንጅ ስጫን ግን ውሃ በጣቶቼ መካከል ወጣ። ሽታውም የሻጋታ ነበር። እንግዲህ ምንጣፉን ያዙልኝ ያልኩት ለዚህ ነው። ኤሲው ከአየሩ የሚለየው ውሃ ተመልሶ ጋቢናው ውስጥ ይፈስ ነበር። ስፖንጁ ይጠጣዋል፣ ማሞቂያው ሲከፈት ይተናል፣ መስታወቱ ላይ ይወጣል። ኤሲው ቀን ሙሉ ቢሠራ ያንኑ ውሃ ነው መልሶ መላልሶ የሚያደርቀው።

የውሃ መውጫው ቱቦ አውራ ጣት የሚያህል ጎማ ነው። ሞተሩንና ጋቢናውን ከሚለየው ግድግዳ ይወጣና ወደ መሬት ይታጠፋል። በአንዳንድ መኪና ኮፈኑን ከፍቶ ይደረስበታል፤ በእኔዋ ግን ከሥር መግባት ያስፈልግ ነበር። ከሥር ከገባችሁ መኪናዋ በክሪክ ብቻ ቆማ አትግቡ፤ ጠንካራ የብረት ድጋፍ ይደረግላት። ቱቦውን ወደ ታች ስስበው መጀመሪያ ምንም አልወጣም። ጫፉን በጣቴ ስጨምቀው ጥቁር፣ የሚያዳልጥ ጭቃ ብቅ አለ። አቧራ፣ የበሰበሰ ቅጠልና ዝልግልግ ነገር አንድ ላይ ተጋግሮ እንደ ቡሽ ዘግቶታል። ለስላሳ የፕላስቲክ ሽቦ አስገብቼ ቀስ እያልኩ አሽከረከርኩት። ጭቃው ሲወጣ ከኋላው ቡናማ ውሃ ተከትሎ ፈሰሰ፤ ቆይቶ ጠራ፤ ከዚያም ወደ ጠብታ ወረደ።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ሹል ሽቦ ወይም ጠመንጃ መፍቻ ብጤ ነገር ወደ ውስጥ አትግፉ። ኢቫፖሬተሩ ቅርብ ነው፣ ቆርቆሮውም ስስ ነው። ከበሳችሁት ዳሽቦርዱ በሙሉ መውረድ አለበት፤ ጋዙም ያመልጣል። በኃይለኛ የአየር ፓምፕ መንፋትም ቱቦውን ከውስጥ ሊነቅለው ስለሚችል በቀስታ ይሁን።

ቱቦው ቢከፈትም ሥራው አላለቀም ነበር። ስፖንጁ እስካልደረቀ ድረስ መስታወቱ አይተዋችሁም። መቀመጫውን አስፈትቼ ምንጣፉን ከነስፖንጁ አውጥቼ ነፋስ ላይ ሰቀልኩት። ምንጣፉ ቶሎ ደረቀ። ስፖንጁ ግን ከገመትኩት በላይ ቆየ። ላዩ ደርቆ ልቡ እርጥብ ይሆናልና በእጃችሁ እየጨመቃችሁ አረጋግጡ። ከታች የቀረውን የብረት ወለልም አድርቁት፤ ዝገት የሚጀምረው እዚያ ነው። በነገራችን ላይ የምንጣፍ ውሃ ሁሉ ከኤሲ አይመጣም። የበር ጎማ ሲያረጅ፣ የጣሪያው መስኮት የውሃ መውጫ ሲዘጋ፣ ከመጥረጊያዎቹ ሥር ያለው ገንዳ በቅጠል ሲሞላም ዝናቡ ወደ ውስጥ ይገባል። ኤሲው ጠፍቶ፣ ዝናብ ካለፈ በኋላ ብቻ የሚረጥብ ከሆነ ወደዚያ ሂዱ።

ቀጥሎ አየሩ። ከተሳፋሪው ፊት ካለችው የዕቃ ሳጥን ኋላ የጋቢና ፊልትሮ አለ። አብዛኛው መኪና ላይ ሳጥኗን በእጅ አውርዳችሁ ታገኙታላችሁ። የሚመከረው በየ15,000 እስከ 20,000 ኪሎ ሜትር፣ ወይም በዓመት አንዴ እንዲቀየር ነው፤ አቧራ የሚበዛበት መንገድ ላይ የሚነዳ ሰው ከዚያም ቀደም ይበል። የእኔው ጥቁር ሆኖ፣ በእርጥበት ተጣብቆ፣ ቅጠል አቅፎ ነበር። ብርሃን ላይ ብትይዙት ምንም አያሳልፍም። ነፋሱ የደከመው አንዱ በእሱ ነው። አዲሱን ስታስገቡ ጎኑ ላይ ያለችውን የቀስት ምልክት እዩ፤ የነፋሱን አቅጣጫ መከተል አለባት።

አሁን ብዙ ሰው የማያስተውለውን ልንገራችሁ። መኪና ውስጥ ቀስት ወደ ውስጥ የሚዞርበት ሥዕል ያለው ቁልፍ አለ። ሲበራ የውስጡን አየር መልሶ ያዞራል። ሲጠፋ ከደጅ ያስገባል። ሙቀት ላይ ቶሎ ለማቀዝቀዝ፣ ጭስና አቧራ ውስጥ ለማለፍ ይጠቅማል። ጉም ላይ ግን መጥፋት አለበት፤ አለበለዚያ የሁላችሁም ትንፋሽ ውስጥ ይከማቻል። በእኔ መኪና የቁልፉ መብራት ጠፍቷል፤ አየሩ ግን ከውስጥ ይዞር ነበር። እንዴት አወቅሁ? ማራገቢያውን እስከ መጨረሻው ከፍቼ ቁልፉን አብራ አጥፋ አደረግኩት። ጤነኛ ከሆነ የድምፅ ለውጥ አለ። የውስጡን ሲስብ ጎላ ይላል፣ የደጁን ሲስብ ዝቅ ይላል። የእኔው ምንም አልተለወጠም፤ ብቻ ከዳሽቦርዱ ኋላ ቲክ ቲክ ቲክ ይላል። ከዚያ አንድ ወረቀት ወሰድኩና በተሳፋሪው እግር በላይ ወዳለው የውስጥ አየር መሳቢያ ቀዳዳ አስጠጋሁት። ቁልፉ «ከደጅ» ላይ ሆኖ ሳለ ወረቀቱ ሄዶ ተለጠፈ። የደጁንና የውስጡን አየር የሚያፈራርቀው ትንሽ በር ተጣብቋል ማለት ነው።

በሩን የምታንቀሳቅሰው አንዲት ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ናት። የፕላስቲክ ጥርሷ ተሰብሮ ነበር፤ ቲክ ቲክ የሚለው እሱ ነው። በሁለት ሦስት ብሎን ነው የምትያዘው። ተቀየረች። ተመሳሳይ ሞተር ሌላም ቦታ አለ። አንዷ ነፋሱን ወደ መስታወት፣ ወደ ፊት፣ ወደ እግር ትመድባለች። ሌላዋ ሙቁንና ቀዝቃዛውን ትቀላቅላለች። ነፋሱ ወደ መስታወቱ አልሄድ ካለ፣ ወይም በአንድ በኩል ሙቅ በሌላው ቀዝቃዛ ከወጣ፣ እነሱን ጠርጥሩ።

የገባ አየር መውጫም ያስፈልገዋል። በብዙ መኪኖች መውጫው ከኋላ፣ በፖርታ ባጋሊዮው ጎን ወይም ከኋላው መከላከያ ሥር ነው። ስስ የጎማ ክዳን አላቸው። ዕቃ ተከምሮ ከዘጋቸው ወይም አደጋ የጠገነ ሰው አሽጎ ከለበጣቸው ማራገቢያው አየር ይገፋል፤ አየሩ ግን መሄጃ የለውም። መስኮት አንድ ጣት ያህል ዝቅ ስታደርጉ ጉሙ በፍጥነት የሚለቅ፣ ስትዘጉት ግን የሚመለስ ከሆነ ወደዚያ ተመልከቱ።

እነዚህ ሁሉ ከተስተካከሉ በኋላ ከመሃል መውጫው ላይ የቴርሞሜትር ጫፍ ሰካሁ። ኤሲው ጥሩ ሲሠራ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 10 ዲግሪ ይላል፤ ደጁ በጣም ሞቃትና እርጥብ ከሆነ ትንሽ ከፍ ይላል። የእኔዋ ወደዚያ ገባች። አንድ ግራም ጋዝ ሳይጨመር ማለት ነው። የተዘጋው ቱቦ የኢቫፖሬተሩን ታችኛ ክፍል ውሃ ውስጥ ዘፍቆት ነበር፤ ፊልትሮው ነፋሱን ይዞት ነበር። ሁለቱ ሲነሡ ቅዝቃዜው በራሱ መጣ።

የእናንተ መኪና ምልክት ከእኔዋ ሊለይ ይችላል፤ ስለዚህ ሌሎቹን በአጭሩ ልጥቀስ። ስትነዱ ይቀዘቅዝና ስትቆሙ የሚሞቅ ከሆነ የኮንደንሰሩን ማራገቢያ እዩ፤ ኮንደንሰሩ ራሱም (ከራዲያተሩ ፊት ያለው፣ የጋዙን ሙቀት ወደ ደጅ የሚያወጣው ዕቃ) በአቧራና በነፍሳት ተደፍኖ ይሆናል። የጋቢናው ማራገቢያ በመጨረሻው ፍጥነት ብቻ የሚሠራ ከሆነ ፍጥነቱን የሚቀንሰው ሬዚስታንስ ተቃጥሏል። ኤሲውን ስትከፍቱ ኮምፕረሰሩ ጋ የምትሰማው «ጠቅ» ከሌለ ፊውዙን፣ ሪሌውን (ኤሌክትሪኩን የሚያገናኘውንና የሚያቋርጠውን ዕቃ) እና ቺንጊያውን በቅደም ተከተል እዩ። ያቺ ጠቅታ የሌላቸው አዳዲስ ኮምፕረሰሮችም አሉ። በሌላ በኩል ጠቅታው በየጥቂት ሰከንዱ የሚመላለስ ከሆነ ጋዝ ማነሱን መጠርጠር ተገቢ ነው። ደጁ ወደ 0 ዲግሪ ሲጠጋ ግን ኮምፕረሰሩ አለመነሣቱ ብልሽት አይደለም፤ ሲስተሙ ራሱ ነው የሚከለክለው። ረጅም መንገድ ላይ ነፋሱ እየቀጠነ ሄዶ ኤሲውን አጥፍታችሁ ከቆያችሁ በኋላ የሚመለስ ከሆነ ኢቫፖሬተሩ በረዶ እየሠራ ነው። ማሞቂያው ለብ ብቻ የሚል ከሆነ የራዲያተሩን ውሃ መጠንና ተርሞስታቱን አሳዩ።

አንዱ ግን ጊዜ አይሰጥም። መስታወቱ ላይ የሚያርፈው ውሃ ሳይሆን ቅባት ከመሰለ፣ ስትጠርጉት የሚያጣብቅ ከሆነ፣ ጋቢናው ውስጥም ጣፋጭ ነገር ከሸተታችሁ፣ ማሞቂያው እያፈሰሰ ነው። የራዲያተሩ ውሃም እየጎደለ ይሄዳል። ከውሃው ጋር የተቀላቀለው የራዲያተር ፈሳሽ መርዛማ ነው፤ ሕፃናትና እንስሳት እንዳይነኩት አድርጉ። ሞተሩም ውሃ አጥቶ ሊቃጠል ይችላል። ውሃውን ለማየት ብላችሁ ደግሞ ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ የራዲያተሩን ክዳን አትክፈቱ።

መስታወቱን ከውስጥ ማጽዳት ከጥገናው ያልተናነሰ ለውጥ አምጥቶልኛል። ከዳሽቦርዱ ፕላስቲክ በፀሐይ የሚተን ነገር፣ አቧራና የእጅ ቅባት መስታወቱ ላይ ስስ ሽፋን ይሠራሉ። እንፋሎት እንዲህ ባለ ቆሻሻ ላይ ቶሎ ይይዛል፤ መብራት ሲያርፍበትም ይበተናል። ንጹሕ ለስላሳ ጨርቅና የመስታወት ማጽጃ ያዙ። መጀመሪያ በእርጥቡ፣ ቀጥሎ በሌላ ደረቅ ጨርቅ ጥረጉ። ከታች፣ ዳሽቦርዱና መስታወቱ የሚገናኙበት ጥግ ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ ጉሙም የሚጀምረው እዚያው ነው። ላስቲክ ጥላ የተለጠፈበት መስታወት ላይ አሞኒያ ያለበት ማጽጃ አትጠቀሙ። መንገድ ላይ ሆናችሁ በእጅ ወይም በእጅጌ መጥረግንም ተዉት። ለአንድ ደቂቃ ያሳያችሁና ቅባት ትቶ ይሄዳል።

እየነዳችሁ ጉም ከያዘባችሁ እንዲህ አድርጉ። ፍጥነት ቀንሱ። የመስታወቱን ቁልፍ ተጫኑ፣ ማራገቢያውን ከፍ አድርጉ፣ ኤሲው መብራቱን አረጋግጡ፣ የውስጥ አየር ማዞሪያውን አጥፉ፣ ሙቀቱን ከፍ አድርጉ። ሞተሩ ገና ካልሞቀ ሙቀቱን አትጠብቁ፤ ደረቁ አየር ብቻውንም ይሠራል። መስኮት ትንሽ ዝቅ ማድረግም ያግዛል። አልለቅ ካለ ቦታ ፈልጋችሁ ቁሙ። መስታወቱ ሲጠራ ደግሞ ኤሲውን ለማጥፋት አትቸኩሉ። ኮምፕረሰሩ ጠፍቶ ማራገቢያው ሲቀጥል ኢቫፖሬተሩ ላይ የቀረው ውሃ ተመልሶ ይተንና መስታወቱ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ መልሶ ይጋረዳል። ይህ በተለይ ኤሲ ሲከፈት መኪናው ከበደ ብለው ቶሎ ቶሎ የሚያጠፉ ሹፌሮች ላይ የሚደርስ ነው። ቤት ልትደርሱ ጥቂት ደቂቃ ሲቀራችሁ፣ ዝናብ ከሌለና መስታወቱ ንጹሕ ከሆነ፣ ያኔ ኤሲውን አጥፍታችሁ ማራገቢያውን ብቻ ተዉት። ኢቫፖሬተሩ ይደርቃል፤ ሻጋታውም ሽታውም ይቀንሳል።

የኋላው መስታወት በሌላ መንገድ ነው የሚሠራው። ላዩ ላይ የምታዩአቸው ቀጫጭን መስመሮች ኤሌክትሪክ እየሄደባቸው የሚሞቁ ናቸው። በሙሉ አልሞቅ ካለ ፊውዙን፣ ሪሌውንና በመስታወቱ ጎንና ጎን የተያዙትን ሽቦዎች እዩ። ብዙ ጊዜ አንደኛው ከመስታወቱ ተላቆ ይገኛል። አንድ መስመር ብቻ ጉሙን አልለቅ ካለ ግን መስመሩ የሆነ ቦታ ተቆርጧል። ቦታውን በቮልት መለኪያ ማግኘት ይቻላል። ሞተሩን አስነሥታችሁ መስመሮቹን አብሩ። የመለኪያውን ጥቁር ገመድ ከመኪናው አካል ጋር አያይዙ። ቀዩን ጫፍ መስመሩ ላይ ቀስ አድርጋችሁ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው አስኪዱት። ጤነኛ መስመር ላይ ቮልቴጁ ከ12 አካባቢ እየቀነሰ ይሄዳል፣ መሃሉ ላይ ወደ 6 ይሆናል። የተቆረጠው ቦታ ላይ ግን በአንድ ጊዜ ዘሎ ወደ 0 ይወርዳል። እዚያ ቦታ ላይ በስተግራና በስተቀኝ ወረቀት ፕላስተር ለጥፋችሁ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈውን የጥገና ቀለም ቀቡት፤ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥበት ይገኛል። ሳይደርቅ አታብሩት። ከዚያ በኋላ ያንን መስታወት ስታጸዱ ከመስመሮቹ አቅጣጫ ጋር ነው መጥረግ ያለባችሁ፤ ተለጣፊ ወረቀት ለማንሣትም ምላጭ አታስጠጉበት።